አባባ የከፈቱት ስልክ

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጸሐፊዋ ይህን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ መዳቡ እሷ መሆኗን የተረዳችው ግን ካደገች በኋላ ነው።

ጸሐፊዋ የሚሏት በአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ገባች፤ ልጅ አልወለደችም። አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ጠረጴዛቸው በፊተኛው ክፍል መስኮት አጠገብ ነው፤ በላዩ ወረንጦ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ መፍቻዎች፣ በዐይን የሚነክሱት አጉሊ መነጽርና ባለ ረጅም አንገት የሥራ መብራት አለ። ከግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ። አንዱ ከሌላው ከተለየ አባባ ያቆሙታል። «የሚዋሽ ሰዓት ከሚቆም ሰዓት ይብሳል» ይላሉ። ሌላም አባባል አላቸው፤ «የማይከፈት ነገር የሞተ ነገር ነው።» በእጃቸው የገባ ማናቸውም መሣሪያ፣ ተበላሸም አልተበላሸ፣ በየጊዜው ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይዘጋል።

ታናሿ ሚጡ ትባላለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ቢጠጋም ሚጡነቱ አልለቀቃትም። ሥራዋና ትዳሯ ሩቅ ከተማ ነው። ሚጡ አባቷን «አንተ» ነው የምትለው። ጸሐፊዋ ግን «እርስዎ» ትላለች። በልጅነቷ አንድ ቀን «አንተ» ብላ ብትሞክር እናቷ «ኧረ አፍሽን!» ብላ አንገቷን አስደፋቻት። ሚጡ ስትወለድ ያ ሕግ አርጅቶ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰው በትንሽ ነገር ነው የሚቀናው፤ ትልቁንማ ዕጣ ፈንታዬ ነው ብሎ ይተወዋል።

የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተሮች ያረጁ ነበሩ። ደንበኛው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ከፍላሹ ጋር ቫይረስ ይመጣል። አንዱ ማመልከቻ እስኪከፈት አመልካቹ ሐሳቡን ይለውጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ባለቤቱ «ለቆርቆሮ ገዢ እንሽጣቸው» ባለ ጊዜ ጸሐፊዋ «ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አለች። ሊኑክስ ስለሚባለው፣ ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ስለሚጭነው የኮምፒውተር ሥርዓት ከአንድ ደንበኛ ሰምታ ነበር። አነበበች፣ ሞከረች፣ አበላሸች፣ እንደገና ጫነች። ኮምፒውተሮቹ ነፍስ ዘሩ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር የኮምፒውተር መስኮት ከፍታ ስትጽፍ ማሽኑ ወይ ይፈጽማል ወይ ለምን እንደማይፈጽም በግልጽ ይናገራል። «ከማውቀው ፍጡር ሁሉ ቃሌን የሚሰማ እሱ ብቻ ነው» ትላለች።

ከዚያ ቤት የተጣለ አንድ ላፕቶፕም ነበር፤ ማጠፊያው የላላ፣ ክዳኑ የተጫረ። አቧራውን ጠርጋ ሊኑክስ ጫነችበትና ለአባቷ አመጣችው። የአባባ ዐይን ደክሟል፤ በመነጽሩ የሰዓት ጥርስ ያያሉ እንጂ ጋዜጣ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አስገባችላቸው። ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። አባባ ስሙን «ቆርቆሮው» አሉት። ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን እየጠጡ ወሬ ያስነብቡታል፤ በየመካከሉም ይቆጡታል።

«ቀስ በል እንጂ! የሚያባርርህ አለ?»

«አባባ፣ ይህን ቢጫኑ ቀስ ይላል።»

«እኔ ምን አስጫነኝ፤ እሱ አይሰማም?»

ምስጋና አልሰማችም። ከመጣ ጀምሮ ቆርቆሮው እንደ ወንበሩና እንደ መጋረጃው የቤቱ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ካርቶን የሌለው ስጦታ ስጦታ አይመስልም።

የሚጡ ስጦታ ካርቶን ነበረው። በመንገደኛ እጅ የተላከ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ ሽፋን የለበሰ ካርቶን። አባባ በሰዓት መክፈቻ ቢላቸው ጠርዙን ቀስ ብለው ቀደዱና ከውስጡ ፊቱም ጀርባውም መስታወት የሆነ ስልክ አወጡ። ካርቶኑ ከመደርደሪያው ላይ፣ ስልኩ ከሰደርያቸው ኪስ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ያለፈ ሁሉ ሳያየው አላለፈም።

«ልጄ ላከችልኝ» ይላሉ። ልጄ! አንዲት ብቻ እንደወለዱ ሁሉ።

ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር፣ ከሰዓት በኋላ ዳማ የሚገጥማቸው፣ ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «ወዳጄ፣ ይሄ ስልክ ነው ወይስ የሴት መስታወት?»

«አንተ ከመኪና መሪ በቀር ምን ታውቃለህ። ሰዓቱን እየው፤ ማንም ሳይሞላው ልክ ነው።»

ማታ ማታ ሚጡ በምስል ትደውላለች። ጸሐፊዋ ወጥ ቤት ሆና ሳህን ታጥባለች፤ ድምፁ ግን ግድግዳ አያግደውም።

«አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሃል! ሸሚዝህ!»

«አረጀሁ ብለሽ ነው? ገና ነኝ!»

«ሸሚዙን የተኮሰው ማን ሆነና» ትላለች ጸሐፊዋ ለሳህኑ። ሳህኑ አይመልስም። አንዳንድ ጊዜ አባቷ «እህትሽ ሰላም ትልሻለች» ሲሉ ትሰማለች፤ እሷ ግን ሰላም በሉልኝ ብላ አታውቅም።

የሰደርያ ኪስ ብናኝ አያጣም። ቀስ በቀስ የስልኩ ድምፅ መድከም ጀመረ። አንድ ጠዋት ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል አባባን ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አገኘቻቸው።

«የሚጡ ድምፅ ራቀብኝ» አሉ። «ከጉድጓድ ውስጥ የምትናገር ነው የሚመስለው።»

«ቆሽሾ ይሆናል።»

«እኮ! ከመጣ ጀምሮ መቼ ተጠረገ? መከፈት አለበት።»

ጸሐፊዋ እንዲህ ያለ ስልክ በሥራ ቦታዋ ስንት ጊዜ አይታለች። ለስላሳ ብሩሽ ወስዶ ቀዳዳውን መጥረግ ነው፤ ሌላ ምንም አያሻውም። ይህ ዓይነት ስልክ በሙጫ የታሸገ መሆኑንም፣ በቢላ የነካው ሰው እንደማያተርፈውም ታውቃለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «አባባ፣ ብሩሽ ላምጣልዎት» ልትል አፏን ስትከፍት አባባ ቀደሟት።

«ሚጡን ብጠይቃት ደግ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «እንዲህ ያለውን ነገር የምታውቀው እሷ ናት።»

ጸሐፊዋ ቆርቆሮውን አየችው። የጧቱን ወሬ አንብቦ ጨርሶ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

«የማይከፈት ነገር የሞተ ነገር ነው የሚሉት እርስዎ አይደሉ?» አለች። «ይክፈቱት እንጂ።»

በሩን ዘግታ ወጣች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን ዝንቡ ከአፏ አልፎ ጆሮዋ ውስጥ ዋለ። የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ የአመልካቹን ስም ከተከሳሹ ጋር አለዋወጠች። በፎቶ ኮፒው ባዶ ወረቀት አባዝታ ለደንበኛ ሰጠች። በመጨረሻ ቁልፍ የሚጫኑባትን አሮጌ ስልኳን አውጥታ ወደ አባቷ ደወለች። «ብሩሽ ይበቃል» ልትል ነበር፤ ቢያንስ ለራሷ እንዲያ አለች። ጠራ፤ አልተነሣም። ቆይታ ደግማ ደወለች። ስልኩ ዝግ መሆኑን አንዲት የማታውቃት ሴት በለዘበ ድምፅ ነገረቻት።

ደረቷ ውስጥ ሞቅ አለ። ሙቀቱን አወቀችው፤ ደስታ ነበር። ወዲያው ቦርሳዋን አነሣች።

ቤት ስትገባ ሁሉ ነገር ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ብሎኖቹ በየወጡበት ተራ በሣህን ተደርድረዋል፤ የጀርባው መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ገመድ ለሁለት ተቆርጧል። አባባ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የቀኝ አውራ ጣታቸው በእራፊ ተጠቅልሎ ደም አስተላልፏል።

«ውስጡ የሚዞር ነገር የለም» አሉ ሳያዩዋት።

«አባባ፣ እጅዎን...»

«ዕድሜ ልኬን የተዘጋ ከፍቻለሁ። ከፍቼ ያልገባኝ አልነበረም። ይሄ ጥርስ የለው፣ ሽቦ የለው፣ ልብ የለው። ምኑን ልጥረገው?»

ጣታቸውን አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አሰረችላቸው። ቅስማቸው ሲሰበር አይታ አታውቅም ነበር፤ እናቷ ስትሞት እንኳ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ልትናገር አሰበች። ያን ጊዜ አባባ እጇን ያዙ።

«ለሚጡ እንዳትነግሪያት። ይከፋታል።»

ይከፋታል! ጸሐፊዋ የጨርቁን ቋጠሮ ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። ለእሷ እንዳይከፋት ተብሎ የተደበቀ ነገር በዚህ ቤት ውስጥ ኖሮ ያውቃል? እውነቱን ዋጠችና «እሺ» አለች።

በማግስቱ ስልኩን ለጥገና ወሰደችው። ጠጋኙ ገልጦ አየና ሳቀ።

«እመቤቴ፣ ይሄን የከፈተው ሰው ወይ ቂመኛ ነው ወይ ሰዓት ሠሪ ነው።»

«ሁለቱም ናቸው» አለች።

እንደማይነሣ ነገራት። ለመልኩ ያህል ጀርባውን አጣብቆ መለሰላት፤ እሷም ለአባቷ ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለጸሐፊዋ ጥሩ ቀናት ነበሩ። ሚጡ በእሷ ስልክ ስትደውል «ቻርጅ ማድረግ ረስተው ነው»፣ «ተኝተዋል»፣ «ወጣ ብለዋል» እያለች ትመልሳለች። ማታ አባባ የሚያናግሩት ሌላ ሰው ስለሌላቸው እሷን ያናግራሉ። ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ሻዩ ጥሩ ነው አሉ። ጸሐፊዋ የሰውን ማሳ እንዳረሰ ሰው እየሰጋችም ቢሆን እህሉን በላች።

ነገር ግን ምግቡ ከሳህናቸው አያልቅም። ለጥገና የመጡት ሰዓቶችም ተከማቹ። ሰዓት አንሥተው ያዩና ሳይከፍቱ ያስቀምጡታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። አባቷና ሾፌሩ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ከጥግ ስትደርስ የሾፌሩን ድምፅ ሰማች።

«ያቺ ልጅህስ? ድሮ በየቀኑ ስትጮህ እኔ ቤት ድረስ እሰማት ነበር። ዘነጋችህ መሰለኝ!»

«ማን? ሚጡ? ሚጡ ትዘነጋኛለች?»

«ምን አውቃለሁ፤ ዝም ስትል ጊዜ...»

አባባ ጠጠራቸውን አስቀመጡ። ከሰደርያቸው ኪስ ስልኩን አወጡና ጆሮአቸው ላይ አደረጉት።

«አቤት ሚጡ!... አለሁ፣ ደህና ነኝ።... ኧረ በልቻለሁ።... እህትሽ? አለች፤ እሷ የት ትሄዳለች!»

«ሳይጠራ አነሣኸው?» አለ ሾፌሩ።

«ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጮህም። የዛሬ ስልክ ነው!»

ጸሐፊዋ ከጥጉ ቆመች። «እሷ የት ትሄዳለች» የሚለው ቃል እንደ መርፌ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቀኑን ሙሉ ስታመነዥከው በዋለች። አሁን ግን ዐይኗ ከተጠቀለለው አውራ ጣት ላይ ቀረ። ጣቱ የሞተውን መስታወት ተጭኖታል። የሚዋሽ ሰዓት ግድግዳቸው ላይ እንዲያድር የማይፈቅዱ ሰው፣ ጎረቤት ፊት፣ ሙት ይዘው ይዋሻሉ። እዚህ ያደረሰቻቸው እሷ ናት።

ሰላምታም ሳትሰጥ አልፋ ገባች። ቆርቆሮውን ከፈተችና ጥቁሩን መስኮት አወጣች። የላፕቶፑ ካሜራ ተነክቶ አያውቅም። ትእዛዝ ጻፈች፤ ማሽኑ የጎደለውን ነገራት፤ የጎደለውን ጫነች፤ ደግማ ጻፈች። ትንሿ መብራት ቦግ አለችና ጸሐፊዋ ከገጹ ላይ የገዛ ፊቷን አየችው። የቅናት ፊት እንደዚህ ነው ለካ፤ ግንባሩ የተቋጠረ፣ ከንፈሩ የቀጠነ። ብዙ አላየችውም። ወደ ሚጡ ደወለች።

«አባባ፣ ይግቡ» ብላ በበሩ ተጣራች። «ሚጡ ትፈልግዎታለች።»

አባባ ክው አሉ። ሾፌሩን አዩ፣ ስልኩን አዩ። «በየት በኩል?»

«በቆርቆሮው በኩል።»

ገብተው ሲቀመጡ የሚጡ ፊት ገጹን ሞልቶ ነበር።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው? እንዴት አሳሰብከኝ! ስልኩስ?»

«ስልኩማ...» አሉ አባባ፤ የታሰረውን ጣት ከጠረጴዛው ሥር አወረዱት።

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ ከኋላቸው። «ቆሽሾ ነበር። በብሩሽ እንደሚጸዳ አውቃለሁ። ከተከፈተ እንደሚሰበርም አውቃለሁ። ይክፈቱት አልኳቸው።»

ሚጡ ወደ ካሜራው ቀረበች። «ረስተሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

«ሲሰበርስ ደስ አለሽ?»

«ሞቅ አለኝ።»

«እትዬ!» አለች ሚጡ። «አንዲት ስልክ! እሷንም አልቻልሽልኝም? ጧት ሻይ የምትሰጪው አንቺ፣ ሲያስለው የምትሰሚው አንቺ። ሙሉውን ይዘሽ በቁራጩ ትቀኛለሽ?»

«ሙሉው? ስልኩን ይዘው ‹ልጄ ላከችልኝ› ነው ያሉት። እኔ ጎረቤት ነኝ መሰለኝ!»

«እና እኔ ምን ላድርግ? እንደዚያ በል አልኩት?»

«እርስዎ በይ እስቲ አንድ ቀን እንኳ!»

«በቃ!» አባባ ጠረጴዛውን መቱት፤ በሣህኑ ያሉት ብሎኖች ዘለሉ። «ገና አልሞትኩም፤ የምትካፈሉኝ ውርስ አይደለሁም! ደግሞም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፈት ስለተባለ ብቻ የሚከፍት ሰዓት ሠሪ የት አይታችኋል? የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት።»

ቀስ ብለው ወደ ታላቋ ዞሩ።

«ሰው አባቱን እንዲህ ይቀጣል?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ዝም በይ። ልጅቷን ልያት።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ሚጡ ዐይኗን ጠረገችና «አባዬ፣ ፊትህ ጨለማ ነው፤ አይታየኝም» አለች። ጸሐፊዋ የሥራውን መብራት ከጠረጴዛው አነሣችና ከአባቷ ትከሻ ጎን ይዛው ቆመች። የሽማግሌው ፊት በራ። ሁለቱ ማውራት ጀመሩ፤ መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ ኋላ እየሞቀ ሄደ። ጸሐፊዋ ስለ እሷ ይነሣ እንደሆነ ጆሮዋን ጣለች። አልተነሣም። ቅናቷ ከተቀመጠበት አልተነቀነቀም፤ ክንዷ ግን ደከመ።

ያን ጊዜ ሾፌሩ ዳማውን ታቅፎ በበሩ ብቅ አለ። «ጨዋታችንን ጥለህ... ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

አባባ ቀና አሉ። የተሰበረው ሰውዬ ከወንበሩ ላይ ቀስ በቀስ ሲሰበሰብ ጸሐፊዋ ከኋላ አየችው፤ በመጀመሪያ ጀርባው፣ ቀጥሎ አንገቱ።

«ኮምፒውተር ነዋ» አሉ። «የሰው ውዳቂ ነበር። ‹አምጪው፣ የሚጣል ነገር የለም፤ ውስጡን አጥቢና ሌላ ሥርዓት ጫኚበት› አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። አሁን ያነብልኛል፣ ሚጡንም ያሳየኛል።»

ከዚህ ውስጥ አንዲት እውነት የለችም። ያመጣችው ቀን ያሏት «ይህን ጉድፍ ከየት ለቃቅመሽ መጣሽ» ነበር። ያ ሁሉ ንባብ፣ ያ ሁሉ ሙከራ፣ በዚህ ቤት የእሷ የሆነው ብቸኛ ነገር! የመብራቱን አንገት አጥብቃ ጨበጠች።

«እውነት ነው እትዬ?» አለች ሚጡ ከወዲያ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ፌዝ ነበረበት። «የአባዬ ሐሳብ ነው?»

ሾፌሩ አያት። አባባ አልዞሩም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታ የነበረው የታሰረ ጣታቸው ግን ቆመ፤ መልሷን ይጠብቃል።

«አዎ» አለች ጸሐፊዋ። «እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ሾፌሩ «አንተ ሰውዬ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባባ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

«መብራቱን ከፍ አድርጊው» አሏት።

ከፍ አደረገችው።